መስታወቱ ነው

አባቴ ዓይኑ እየደከመ መሆኑን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። የሚናገር ግን አልነበረም። እኛ ቤት፣ እኛ ሰፈርም ቢሆን፣ ለትልቅ ሰው ጉድለቱን ፊት ለፊት መንገር ነውር ነው። ስለዚህ ሌላ ሌላውን እናማ ነበር። ሻይ ሊቀዳ ብሎ ብርጭቆውን ስቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያፈስ «መብራቱ ደካማ ነው» እንላለን። ጎረቤት እጁን አንስቶ ሰላም ሲለው ዝም ብሎ ካለፈ «ሐሳብ ይዞት ነው»። ቮልሷን ይዞ ወጥቶ መከላከያዋን ከአንዱ ግንብ ጋር አላትሞ ሲመለስ ደግሞ ሁላችንም በአንድ አፍ «መስታወቱ ነው!»

ቮልሷ ከእኔ ትበልጣለች። አባቴ ገና ጎረምሳ ነጋዴ ሳለ የገዛት ናት። ኮልፌ ውስጥ ጓደኞቹ ሁሉ መኪና ሲቀያይሩ እሱ ንቅንቅ አላለም። እናቴ በሕይወት ሳለች «እኔንና እሷን አንድ ላይ ነው የሚቀብረን» እያለች ትስቅበት ነበር። ለአባቴ መስቀል ማለት ያቺን መኪና በገዛ እጁ እየነዳ ጉራጌ አገር፣ የተወለደበት ግቢ፣ ታናሽ ወንድሙ ደጅ ድረስ መግባት ነው። አውቶብስ እንሳፈር ካልኩት ይቆጣል። «በሰው መኪና ተጭኜ ልግባ? እህል ነኝ?» ይለኛል።

አንድ ክረምት ከዓለም ባንክ ሰፈር ወደ ታች ስንወርድ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ አባቴ መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ ሴት ምድጃ ላይ ወጣ። ሴትዮዋ ዘልላ አመለጠች እንጂ ዛሬ ሌላ ታሪክ ነበር የማወራው። ከሰሉ፣ በቆሎው፣ ጃንጥላዋ፣ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ወርጄ ስሮጥ ሴትዮዋ ልትሳደብ አፏን ከፍታለች። ከዚያ አባቴን አየችው። ሽበቱን አየችና አፏን መልሳ ዘጋችው። ምን ብትል ጥሩ ነው? «ጭቃው መስታወቱን ሸፍኖብዎት ነው ጋሼ፣ አይዞዎት!»

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ተቀበላት። የሚኒባስ ረዳት ሳይቀር ከበሩ ተንጠልጥሎ «መስታወቱ ነው፣ መስታወቱ ነው» አለ። አንቺ ሴትዮ፣ ሊገድልሽ ነበር እኮ! ብዬ ልጮህባት ፈለግሁ። እኔስ ምን አደረግሁ? ሻርፔን ከአንገቴ ፈትቼ መስታወቱን መወልወል ጀመርኩ።

እቤት እንደገባን አባቴ ኮቱን ሳያወልቅ ፈረደ። «የመስታወቷን ውሃ መርጫ አሠራለሁ። እሷ ከተሠራች ለመስቀል እንደልቤ እነዳለሁ» አለ። ማን ይቃወመው? «ጥሩ ሐሳብ ነው» አልን።

የቮልስ ውሃ መርጫ ጉደኛ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ የሚባል አያውቅም። ፊት ለፊት ኮፈኑ ሥር ያለው ትርፍ ጎማ፣ ስኮርታው፣ ነፋሱን በቀጭን ቱቦ ለውሃው ዕቃ ያቀብላል። ነፋሱ ውሃውን ይገፋል፤ መሪው አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት ውሃው መስታወቱ ላይ ይረጫል። ችግሩ ቱቦው ሲያረጅ የስኮርታው ነፋስ ቀስ እያለ ያልቃል። አባቴ አንድ ጊዜ ገጠር መንገድ ላይ ጎማ ተንፍሶበት ስኮርታውን ቢያወጣው እንደ ቂጣ ተኝቷል። በንዴት ቱቦውንም የውሃውን ዕቃም መንጭቆ ጣለ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ጨርቅ በእጅ ነበር።

አስኮ መንገድ ላይ ቮልስ ብቻ የሚጠግን፣ የአባቴ የድሮ ደንበኛ የሆነ መካኒክ አለ። «ጋሼ፣ ምን አደከመዎት፣ ከሚኒባስ የተፈታች ትንሽ ሞተር እገጥምልዎታለሁ፣ ለምሳ ሳይደርስ ያልቃል» አለው። አባቴ ፊቱን አዞረ። «ከፋብሪካ ስትወጣ እንደነበረችው» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እንግዲህ የዋናው ውሃ ዕቃ ፍለጋ ተጀመረ። እኔ የመጋረጃ ሱቄን እየዘጋሁ እሱን እየመራሁ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ምናለሽ ተራ ስንዞር ከረምን። እየመራሁ አልኩ እንጂ እሱ እንዲህ ሲባል አይወድም፤ ክንዱን የያዝኩት እኔ ስለደከመኝ ነበር። አንዱ ነጋዴ የዘይት ጀሪካን አምጥቶ «ዋናው የቮልስ ዕቃ ይኸውልሽ» አለኝ። ዞር በል ከፊቴ አልኩት! ዕቃውን ያገኘነው የመስቀል ገበያ ሲደራ ነው፤ ሊገጠም አልደረሰም፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት መስቀል አመለጠን። አባቴ መኪናዋን ግቢ አቁሞ፣ አገሩ ሳይሄድ፣ መስቀልን እንደ ሐዘንተኛ ቤት ዋለ። ሰው ሲጠይቀው መልሱ ያው ነበር፤ «መስታወቷ አልተሠራችም»።

ከዚያ የቱቦው ነገር መጣ። መካኒኩ ለጊዜው ብሎ የጉሉኮስ ቱቦ ገጠመላት። ለሙከራ አባቴ ቁልፏን ቢጫናት ቱቦው ከውስጥ ተነቅሎ ውሃው በሙሉ ሱሪው ላይ! «እኔን ነው እንዴ ያጠበችኝ!» ብሎ ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም፤ እኔም መካኒኩም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። አሁን ሳስበው ያቺ ሳቅ ታሳዝነኛለች።

ሌላ ክረምት መጣ። ጠንካራ ቱቦ ተገኘ፤ በየመጋጠሚያው በሽቦ ተጠፈረ። የቀረችው ውሃው የሚወጣባት ቀዳዳ ነበረች፤ የዓመታት አቧራ ደፍኗታል። መርፌ መጣ። አባቴ «እኔ እከፍታታለሁ» አለ። ጎንበስ ብሎ መርፌውን ወደ ቀዳዳዋ ላከ። ሳታት። ደግሞ ላከ። ብረቱን ቧጨረው። እንደገና ሲሞክር የግራ አውራ ጣቱን ወጋ። ደሙ ጠብ ሲል አላየውም መሰለኝ፣ አሁንም ይሞክራል። መካኒኩ ወደ ሰማይ እያየ «መርፌው ወፍራም ነው ጋሼ» አለ። ኧረ የምን ወፍራም! ልብስ መስፊያ መርፌ ነው፣ ከሱቄ ያመጣሁት። «ስጠኝማ አባባ፣ አንተ ስኮርታውን እይልኝ» ብዬ ተቀበልኩት። ቀዳዳዋን በአንድ ጊዜ ከፈትኳት፤ ግን እንዳይከፋው ቆየሁ፣ የተቸገርኩ መስዬ ጥቂት ቧጠጥኩ።

መስከረም ጠባ። ስኮርታውን ጎሚስታ ዘንድ ወስደን ከልኩ አስበልጠን አስነፋነው፤ ትርፉ ነው ውሃውን የሚገፋው። ፀሐያማ በሆነ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ሁሉም ነገር ተገጠመ፣ ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ተሞላ። አባቴ መሪው ጋ ገብቶ ተቀመጠና «ጭቃ ለጥፊበት» አለኝ። ከአትክልቱ ሥር እፍኝ ጭቃ ዘግኜ መስታወቱ ላይ ለቀለቅሁት። ቁልፏን ተጫናት።

ፏ! ውሃው ወጥቶ መስታወቱን ሁሉ አለበሰው። መጥረጊያው ግራ ቀኝ አለ። ጭቃው ወርዶ አለቀ፤ መስታወቱ አዲስ ብርጭቆ መሰለ። መካኒኩ አጨበጨበ። እኔም «እልል» አልኩ፣ ለመኪና!

አባቴ እንደገና ተጫናት። መጥረጊያው ንጹሑን መስታወት ጠረገው። ደግሞ ተጫናት፤ ደግሞ። ውሃው እስኪያልቅና ነፋሱ ብቻ ፍስስ እስኪል ድረስ ጣቱን አላነሳም። ከዚያ በመስኮቱ በኩል፣ «ጸዳ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ጸድቷል አባባ።»

«ጥግ ጥጉም?»

«ጥግ ጥጉም።»

መካኒኩ ቸኩሎ «መስታወቱ ራሱ ያረጀ ስለሆነ እኮ ጋሼ...» ብሎ ሲጀምር አባቴ እጁን አነሳበት። ሁለቱንም እጆቹን መሪው ላይ መልሶ አስቀመጠ።

«እንግዲያው እኔ ነኛ» አለ።

መካኒኩ ዕቃዎቹን መልቀም ጀመረ፤ እኔ ከመኪናዋ ኋላ ሄጄ አለቀስኩ። አባቴ ፀሐዩ እስኪበረታ ድረስ ከዚያ መቀመጫ አልወረደም። ሲወርድ የመኪናዋን ቁልፍ ይዞ አልነበረም፤ ሄጄ ሳይ እዚያው እንደተሰካ ትቶታል።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፤ እምቢ አላለም። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፣ ትሑት። ሁለቱንም ዓይኖቹን ረጅም ሰዓት መረመረችና ዓይኑ ውስጥ ያለው ግፊት እንደበዛ፣ ነርቩን እንደገደለው አስረዳችን።

አባቴ በጥሞና ሲሰማ ቆየና «ከልክ በላይ ተነፍቷል ማለት ነው» አላት።

«እንደዚያ ማለት ይቻላል አባት።»

«ታዲያ አስተንፍሱታ!»

ጠብታ እንደምትሰጠው፣ ጠብታው ግፊቱን እንደሚያወርደው፣ የሞተው ግን እንደማይመለስ ነገረችው። የቀረችውን ጭላንጭል ለማቆየት ያህል ነው። ከዚያ ክፉ ሳታስብ «ምነው ይሄን ያህል ቆዩ?» ብላ ጠየቀችው።

«መስታወት ስናሠራ ነዋ» አለ አባቴ። ሐኪሟ አልገባትም። እኔ ወለሉን አየሁ።

ለመስቀል ሄድን። የነዳሁት እኔ ነኝ። መንዳት ያስተማረኝ በዚያችው መኪና፣ ሳንሱሲ አካባቢ ነው፤ ያኔ ፍሪሲዮን አያያዜ አልጥምህ ብሎት ጆሮዬ እስኪግል ይጮህብኝ ነበር። አሁን አንዴም አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ በወደድኩ። ከአንድ የጭነት መኪና ኋላ ስንሄድ ጭቃው ፊታችን ላይ ተደፋ። ቁልፏን ተጫንኩ፤ ውሃው ተረጨ፤ መስታወቱ ጸዳ። እሱ ድምፁን አዳመጠ። «ጎበዝ» አለ፤ ለእኔ ይሁን ለቮልሷ አላወቅሁም።

ግቢው ስንደርስ ዘመድ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ታናሽ ወንድሙ፣ እሱም ሽማግሌ ነው፣ እቅፍ አድርጎ ሳመውና «ምነው ዛሬ መሪውን ለልጅ ሰጠህ?» አለው። አፌን ከፈትኩ። ደክሞት ነው፣ ልል ነው። እግሩን አሞት ነው፣ ልል ነው። አባቴ ቀደመኝ።

«ዓይኔ ጠፍቶ ነው» አለ።

ወንድሙ ክንዱን መታ መታ እያደረገ ሳቀ። «ኧረ ተወኝ እባክህ! ይሄ የመስከረም ፀሐይ የማንን ዓይን ያሳያል?»

«ፀሐዩ ነው!» አለ አንዱ። «የመንገዱ ነገር ነው፣ መንገዱ ያደክማል» አለች የወንድሙ ሚስት። ሁሉም ተረባረቡበት፣ ለእሱ አዝነው፣ ከልባቸው። አባቴ መሐላቸው ቆሞ ፊቱን ወዲያና ወዲህ አዞረ።

«አንቺ ልጅ፣ ንገሪያቸው እንጂ!» አለ። እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። የዘረጋው ግን ወደ መኪናዋ በር ነበር፤ እዚያ ማንም አልነበረም። እኔ ከበስተኋላው ነበር የቆምኩት።

ሁሉም ያንን እጅ አዩት። ዞሬ ሄጄ ያዝኩለት።

«እውነቱን ነው» አልኳቸው። «አባባ አያይም።»