«መጣሁ» ባዩ ቧንቧ ሠራተኛ

ሰፈሩ ውስጥ ሰውዬውን እናት አባቱ ባወጡለት ስም የሚጠራው የለም፤ «አያ መጣሁ» ነው የሚባለው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቧንቧ ሲጠግን ኖሯል። እጁ ወርቅ ነው፤ ይህን ጠላቶቹም አይክዱትም። ችግሩ ወርቁ ከቤት አለመውጣቱ ነው። ስልክ በተደወለለት ቁጥር «መጣሁ! መጣሁ!» ይላል፤ ይህን የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ሶፋው ላይ ተጋድሞ፣ ካልሲ እንኳ ሳያጠልቅ ነው።

ሴት ልጁ የደንበኞቹን ስሞታ መስማት ሰለቻት። አንድ እሑድ ስልኩን ተቀብላ አንድ ድረ ገጽ ከፈተችለት።

«አባዬ፣ ለዚህ ድረ ገጽ ከደንበኛ ጋር እንደምታወራው ዝም ብለህ አውራለት። ራሱ ቀጠሮ አድርጎ ይይዝልሃል፤ ለደንበኛውም መልእክት ይልካል።»

«እንደማወራው?»

«አዎ፣ ልክ እንደምታወራው።»

ምስኪን! አባቷ እንዴት እንደሚያወራ እያወቀች።

ሰኞ ጠዋት ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህርት ደወሉ። የወጥ ቤታቸው ቧንቧ እየፈሰሰ ከማለዳ ጀምሮ ባልዲ ሲደፉ ነው የቆዩት። አያ መጣሁም ለስልኩ «መምህርቷ ቤት፣ የወጥ ቤት ቧንቧ፣ መጣሁ!» አለና ጎኑን አዞረ።

ማሽን እንደኛ አይደለም፤ የሰው ቃል ያምናል። «መጣሁ» ካለ መጥቷል ማለት ነው። ሥራውን «ተጠናቋል» ብሎ መዘገበና ለመምህርቷ ላከ፦ «ስላስተናገዱን እናመሰግናለን! በአገልግሎታችን ምን ያህል ረኩ?»

መምህርቷ መልእክቱን ያነበቡት ውሃ ውስጥ ቆመው ነው። ባልዲያቸውን እንዳንጠለጠሉ ሄደው የሰውዬውን በር አንኳኩ።

«መጥተህ ነበር አሉ፤ ምነው ሳንተያይ?»

ባዶ እግሩን ደጃፍ ላይ ቆሞ ላብ አጠመቀው። «ኧረ እትዬ፣ ማሽኑ ነው እኮ...»

«ማሽኑማ ምን አጠፋ? በኀላፊ ጊዜ ነገርከው፣ በኀላፊ ጊዜ ጻፈ። ‹እመጣለሁ› ማለት ምላስ ያቆስላል?»

መሣሪያውን ይዞ ተከተላቸው። ችግሩ ያረጀች የላስቲክ ጎሚኒ ነበረች፤ ለመቀየር ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። መምህርቷ ግን እንዲሁ አልለቀቁትም። ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ስልኩን አስይዘው፣ ቧንቧዋን እንዲሠራላት ሁለት ሳምንት ለጠበቀችው የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ ቀጠሮ አስያዙት።

«‹ነገ በሦስት ሰዓት ፀጉር ሠሪዋ ቤት እገኛለሁ› በል።»

«ነገ በ... በ...»

«በርታ!»

«በሦስት ሰዓት!» አለ፣ እንደ ተናዛዥ ዓይኑን ጨፍኖ።

በማግስቱ ልክ በሦስት ሰዓት ፀጉር ሠሪዋ በሯን ገርበብ አድርጋ «ማን ነህ?» አለች።

«ቧንቧ ሠራተኛው ነኝ።»

ሰዓቷን አየች፤ እሱን አየች። «ሂድ ወዲያ! እሱ በቀጠሮው መጥቶ አያውቅም!» ብላ በሩን ጠረቀመችው። ወዲያው ለሴት ልጁ ደወለች፦ «አባትሽን መስሎ የመጣ ሌባ በሬ ላይ ቆሟል!»

ልጁ ከሥራዋ አስፈቅዳ መጥታ «አባቴ ነው፣ እኔ እመሰክራለሁ» እስክትል ድረስ ግማሽ ሰዓት ተገትሮ ጠበቀ። በሩ ሲከፈትለት ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር።

«ወይ ጉድ!» አለ እየገባ፣ «ዘንድሮ ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ጠፋ ማለት ነው?»