ቲኬት የሚቆጣጠረው ንጉሥ

አባቴ ፈረንሳይኛ አያውቅም ነበር። ይህን የምታውቀው እናቴ ብቻ ነበረች፤ እኔ የሰማሁት ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። እናንተ ግን ከአሁኑ እወቁት፤ አለዚያ ወሬው አይጥማችሁም።

ከድሬዳዋ ጅቡቲ በሚመላለሰው ባቡር ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ለዚያ ሥራ ፈረንሳይኛ የግድ ስለነበር ሲቀጠር «አውቃለሁ» ብሎ ገባ። ደግሞም ጨርሶ አያውቅም አይባልም። ቲኬትዎን ያሳዩ፣ በሩን ይዝጉ፣ በመስኮት አይንጠልጠሉ፣ ይህ ሦስተኛ ማዕረግ ነው፤ እነዚህን አሳምሮ ይናገራል። በአራት ዓረፍተ ነገር ዘጠኝ ዓመት ኖረ። በትሕትና ስለሚላቸው አምስተኛ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ተሳፋሪ ረስቶት የወረደ የሥዕል መጽሐፍ ይዞልኝ መጣ። ገጹ ሁሉ በትንንሽ ሣጥን የተከፋፈለ ነው፤ ከሰዎቹ አፍ ነጭ አረፋ ይወጣል፣ አረፋው ውስጥ ጽሑፍ አለ። ወሬው ስለ አንዲት የትም የሌለች አገር ነው። ንጉሡ ባልዲ የመሰለ ባርኔጣ የሚያደርግ፣ በዝይ የሚጋልብ አጭር ወፍራም ሰውዬ ነው። ወታደሮቹ ጠመንጃ የላቸውም፤ የአትክልት ማጠጫ ይዘው መሰላል ይወጡና ደመና ያጠጣሉ።

«አንብብልኝ» አልኩት። ምን ያድርግ? አነበበልኝ።

በእኛ ከተማ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰው ሁሉ በሙቀት ተሸንፎ ይጋደማል። እኛም የሲሚንቶው ወለል ላይ ውሃ ረጭተን ጎን ለጎን እንተኛና መጽሐፉን ይከፍታል። በእሱ ንባብ አገሪቱ የምትተዳደረው በባቡር ነው። ወታደሮቹ ደመና አያጠጡም፤ የባቡሩን ጋን ውሃ እየሞሉ ነው። ዝይዋ የሻንጣ ሚዛን ኃላፊ ናት። ንጉሡ በየማለዳው ተነስቶ የሕዝቡን ቲኬት ያያል፤ ቲኬት የሌለውን ግን አያወርደውም፣ «ለምን የለህም?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ ምክንያቱ የሚያስቅ ከሆነ አንደኛ ማዕረግ ያስገባዋል። ለሦስተኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎች ትራስ የሚያድለውም ንጉሡ ራሱ ነው። ያው ገጽ በማግስቱ ሌላ ወሬ ይወጣዋል። «ትናንት እንዲህ አላልክም» ስለው «ፈረንሳይኛ ረጅም ቋንቋ ነው፣ በአንድ ቀን አያልቅም» ይለኛል። አመንኩት።

መከራውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱ ጥቂት ዓመት ሆኗል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩን ልጆች ቀበሌ ሰብስቦ ያስተምረናል። ካድሬው «ንጉሥ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ሁሉ እየተነሳ «በዝባዥ!»፣ «አድኃሪ!»፣ «ደም መጣጭ!» አለ። እኔ ምን እንዳቀበጠኝ አላውቅም፣ እጄን አወጣሁ።

«ጥሩም አለ» አልኩ። «ለሦስተኛ ማዕረግ ትራስ የሚሰጥ አለ።»

«የት ነው ያለው?»

«አባቴ ያውቀዋል። ከፈረንሳይኛ መጽሐፍ ያነብልኛል።»

ካድሬው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ።

እሁድ ጠዋት አባቴ መጽሐፉን፣ መጽሐፉን ብቻ ሳይሆን እኔንም ለምስክርነት ይዞ ቀበሌ እንዲቀርብ ታዘዘ። ከመውጣታችን በፊት እናቴ ጓዳ ውስጥ ስትንሾካሾክ በበሩ ሰማኋት። «ማንበብ አልችልም ብለህ እውነቱን ከተናገርክ እንጀራችን ሄደ። አውቃለሁ ብለህ ለልጅቷ የምትላትን ከደገምክ ደግሞ ለልጅ ንጉሥ ሰበከ ብለው አንተን ይወስዱሃል።» በዚያ ዘመን የተወሰደ ሰው መቼ እንደሚመለስ ማንም አይጠይቅም ነበር። እኔ ግን የደነገጥኩት በሌላው ነው፦ ያን ሁሉ ቀትር ያነበበልኝ ሰውዬ እንዴት ማንበብ አይችልም? እናቴን ዋሾ ናት አልኩ በልቤ።

ኮሚቴው ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ሊቀ መንበሩ ፀጉር አስተካካይ የነበረ ሰው ነው። አጠገቡ ጸሐፊው አለ። ጥግ ላይ የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ተቀምጣለች፤ ልጆች ሁሉ በቋንቋዋ አዬዮ፣ አያቴ፣ የምንላት፣ ጅቡቲ ብዙ ዓመት ሠርታ የተመለሰች ሱማሌ ናት። ስብሰባ ላይ ብዙ አትናገርም።

«አንብብ፣ ጓድ» አለ ሊቀ መንበሩ።

አባቴ ግንባሩን ጠረገና ጀመረ። ንጉሡ ንጉሥ መባል ሰልችቶት ራሱን ቲኬት ተቆጣጣሪ አድርጎ ሾመ። ጥሩ አጀማመር ነበር፤ ጸሐፊው ራሱን ነቀነቀ። ሊቀ መንበሩ ግን ጣቱን ሥዕሉ ላይ ቀሰረ።

«ቆይ አቦ! ይሄ ቤት የማነው?»

«ቤተ መንግሥቱ ነው።»

«ስንት ክፍል አለው?»

አባቴ አላሰበበትም። መስኮት መቁጠር ተጀመረ። ሊቀ መንበሩ ሠላሳ አንድ አለ፣ ጸሐፊው ሠላሳ ሁለት፤ ጭቅጭቁ አንዱ በር ነው መስኮት የሚል ነበር። በአዋጁ መሠረት ሰው ከሚኖርበት በላይ ያለው ቤት ትርፍ ቤት ነው፣ ይወረሳል። አባቴም ቶሎ ብሎ ገጹን ገለጠና «እዚህ ላይ እኮ ራሱ ያስረክባል፣ አንድ ክፍል ብቻ አስቀርቶ» አለ። ጸሐፊው በቃለ ጉባኤ ያዘው። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሳይቀር «ዝይዋስ የግል ናት የማኅበር?» ብሎ ጠየቀ። የማኅበር ሆነች።

ሁሉም ወደ መጽሐፉ አጎንብሰው ትራስ ላይ ደረሱ። ሊቀ መንበሩ ሊስቅ ምንም አልቀረው፤ ድንገት ኮስተር አለ።

«እኛ ፈረንሳይኛ አናውቅም። ከራስህ ብታወጣው በምን እናውቃለን? ከዚህ ውስጥ የሚችል አለ?»

አዬዮ እጇን አነሳች።

አባቴን አየሁት። ፊቱ አመድ ሆነ፤ ያን ጊዜ እናቴ ዋሾ እንዳልሆነች ገባኝ። አዬዮ ጅቡቲ የሠራችው ለካ ፈረንሳዮች ቤት ልጅ ስታሳድግ ኖሯል፤ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ እያነበበች ነው ልጆቹን ያስተኛችው። መነጽሯን አደረገች። ገጹን አንድ በአንድ ገለጠች፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻዋን ፈገግ አለች። መጨረሻው ገጽ ደረሰች።

«ልክ ነው» አለች። «አንድ ቃል አልሳተም፣ ወላሂ።»

«ሦስተኛ ማዕረግ ይላል?»

«ይላል።»

«ትራሱም?»

«ትራሱም አለ፣ ምን ነካህ! አንተ ሰው አታምንም?»

ሊቀ መንበሩ አመነ። መጽሐፉን መለሱልን፤ ከዚያ በፊት ግን ጸሐፊው የቀበሌውን ማኅተም ቤተ መንግሥቱ ላይ መታበት። ተወረሰ ማለት ነው።

ደጅ ስንወጣ አዬዮ አባቴን እጅጌውን ያዘችው። «ስማ፣ አንድ ጊዜ ነው የምዋሽልህ። ነገ ሌላ ወረቀት ሰጥተው አንብብ ቢሉህ አንተም እኔም ጠፋን። ቀትር ቀትር እየመጣህ ተማር።» እሱ እጇን ሊስም አጎነበሰ፤ ገፋችው።

ሄደ። ለስድስት ወር ባቡር ላይ ባልሆነ ቁጥር በዚያ ሙቀት እሷ ደጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ እንደ ሕፃን ፊደል ቆጠረ። እናቴ ክብደት ጨመረች፣ እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ ብቻዬን ወለሉ ላይ ተኛሁ።

በመጨረሻ አንድ ቀትር ጠራኝና መጽሐፉን ከፈተ። ደስ ብሎታል። ጣቱን ከቃሉ ሥር እያስኬደ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ሳይስት አነበበልኝ። ንጉሡ ባርኔጣው ጠፍቶበት ይፈልጋል፤ ባርኔጣው ራሱ ላይ ነበር፤ አለቀ። ቲኬት የለም። ሚዛን የለም። «ዱሮ እንደምታነበው አንብብልኝ» አልኩት። እሺ ብሎ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። ጣቱ ከመጀመሪያው ቃል ሥር አልነቀል አለ።

«አቃተኝ፣ ልጄ» አለ። «ጽሑፉን እያየሁት እንዴት ብዬ ልዋሽ?»

አባቴን ያተረፈችልንን ሴት ዓመት ሙሉ ሰላም አላልኳትም። ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። አንድ ቀን የደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን፤ ክንዴን ይዛ «ምን አደረግኩሽ አንቺ?» አለችኝ።

«ንጉሡን ገደልሽው!» ብዬ ጮህኩ።

አፌን በመዳፏ አፍና ግራ ቀኙን አየች። ሰው እንዳልሰማ እርግጠኛ ስትሆን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ያንቺ አባት ንጉሥ ይሻል ነበር።»