የእትዬ ብርቄ አጭር ጧፍ

ዛሬ ጠዋት ሰሙ መቅለጥ ሲጀምር ቤቱን ማር ማር የሚል ሽታ ሞላው፤ እኔም ማማሰያውን እንደያዝኩ እትዬ ብርቄን ሳስብ ቆየሁ።

እትዬ ብርቄ ላሊበላ ውስጥ ጧፍ የሚሠሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ከጠጅ ቤቶች ሰፈፍ፣ ከማሩ የሚተርፈውን ሰም፣ ገዝተው ያፈሉና በአሮጌ ነጠላ ያጠሉታል፤ አምስት ሴቶች ደግሞ የጥጡን ክር ሰም እያለበሱ በመዳፋቸው ያድቦለብሉታል። አምስቱም ያለ ባል ልጅ የሚያሳድጉ ነበሩ፤ አንዷ እናቴ ናት። እትዬ ብርቄ ለሆቴልና ለቱሪስት ወደድ አድርገው ይሸጣሉ። ከገጠር በእግሩ ለሚመጣ ተሳላሚ ግን ዋጋው ንቅንቅ አይልም፤ የወዲያኛው ትርፍ የወዲህኛውን ይሸፍን ነበር።

ከዚያ ቱሪስቱ ጠፋ፤ ሆቴሎቹም በራቸውን ዘጉ። አንድ ነጋዴ የፋብሪካ ሻማ በጆንያ አሸክሞ መጣ።

«ግማሽ በግማሽ ቢቀይጡት ማን ያውቅብዎታል?» አላቸው።

እናቴ አላስቻላትም። «እትዬ፣ በሞቴ ይቀይጡት! እኔን ካሰናበቱኝ ይችን ልጅ በምን አሳድጋታለሁ?»

ይች ልጅ እኔ ነበርኩ። እትዬ ብርቄ ትክ ብለው አዩኝ።

«የሚሰናበትም የለ፣ የሚቀየጥም የለ» አሉ። ጧፍ የሚለኩበትን የወይራ ዘንግ ከግድግዳው አወረዱና ከድሮው ምልክት አራት ጣት ዝቅ አድርገው በቢላ አዲስ ምልክት ቀረፁበት።

የገና ዋዜማ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ቆመው ይጮኹ ጀመር። «ጧፌ አጥሯል! ዋጋው ያው ነው፣ ሰሙም ያው! አይታችሁ ግዙ!»

እናቴ በሐፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። የዕቃውን ጉድለት በአደባባይ የሚናገር ነጋዴ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም፤ ያን ቀን ሴትዮዋ ከተራራው በላይ ረዝመው ነበር የታዩኝ።

አንድ ከፍላቂት በእግሩ የመጣ ገበሬ ጧፉን በክንዱ ለካው፣ አሸተተውና ሳቀ። «እርስዎ ራስዎ ከነገሩኝማ ሁለት ይስጡኝ!»

እስከ ማታ ቅርጫቱ ባዶ ሆነ። አምስቱም ሴቶች ሥራቸው ላይ ቆዩ። ቱሪስቱ ሲመለስ እትዬ ብርቄ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ጧፉን ወደ ድሮው ርዝመቱ መለሱት።

እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል። ዘንጉ ከነሁለቱ ምልክቶቹ እኔ ዘንድ ነው፤ ሰባት ሴቶችም አብረውኝ ይሠራሉ። ዘንድሮም ቱሪስቱ ጠፍቷል። ዛሬ ጧፎቹን በታችኛው ምልክት ቆረጥኳቸው። ነገ የገና ዋዜማ ነው፤ መንገድ ዳር ቆሜ እጮኻለሁ።