በርበሬ የነካው የባሕር ማዶ ብር

ቆርቆሮውን ገና ስከፍተው ማስነጠስ ያዘኝ። በርበሬ ከተቀመጠበት ስንት ዘመን አልፏል፤ የቡሬ በርበሬ ግን አንዴ ከገባበት ቤት በቀላሉ አይወጣም። «ይማርዎት እትዬ» አለኝ ሳሙኤል፤ ይማርዎት ይበል እንጂ ዓይኑ ቆርቆሮው ላይ ነበር። ሳሙኤል የአክስቴ የልጅ ልጅ ነው፤ እዚሁ ፍኖተ ሰላም ስልክ ይጠግናል፤ ሰሞኑን ደግሞ የድሮ ገንዘብ ሰብሳቢዎች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ገብቶ እንቅልፍ አጥቷል። እኔ ዘንድ የተቀመጠውን የአያቱን ብር ፎቶ አንሥቶ ሊልክላቸው ነው የመጣው።

ብር ስል የእኛን ብር ማለቴ አይደለም። የኢንዶኔዥያ አንድ ሩፒያ ነው፤ ያ አገር ከቅኝ ግዛት ወጥቶ በራሱ ስም ገንዘብ ማተም በጀመረበት ሰሞን የታተመ። ባንድ ወገኑ ቅርንጫፍ የሌላቸው ዛፎች ባሕር ዳር ቆመዋል፤ በሌላ ወገኑ ደረጃ በደረጃ የተቆረጠ ዳገት አለ፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ አውራ ጣት የሚያህል ቀይ እድፍ።

መልሱ ሻይ ሳንጨርስ መጣ። አንድ የአዲስ አበባ ሰብሳቢ ነው። «ኮንዲሽኑ ጥሩ አይደለም» ይላል፤ «አራት ቦታ ታጥፏል፣ የመርፌ ቀዳዳ አለው፣ እድፉ ደግሞ ጨርሶ ገድሎታል። ብርቅ ገንዘብም አይደለም። ንጹሕ ቢሆን ደህና ያወጣ ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ግን አንድ ኪሎ በርበሬ አይገዛም።» በርበሬ ሲል ሳቄ መጣ። ሳቄን ሳልጨርስ ሳሙኤል ጎድጓዳ ሳህን ለብ ያለ ውኃ ሞልቶ፣ በረኪና ጠብ አድርጎበት ከች አላለም! ቪዲዮ አይቶ ኖሯል፤ እድፉ ይለቃል አለኝ። «ኧረ እጅህን ሰብስብ፣ አንተ ልጅ!» ብዬ ስጮህ ራሴም ደነገጥኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ነገሩን ከሥሩ ልነግረው።

ያደግኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው አገራችን፣ በአያቴ በአባባ ይግዛው ቤት ነው። ኅዳር ሲገባ ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ቀይ ይሆናል፤ በርበሬው ተሰጥቶ ፀሐይ ሲመታው ሽታው ከመንገድ ይቀበላል፤ እንግዳ ከሰላምታ በፊት ያስነጥሳል፣ ዶሮዎቹም ሳይቀሩ ራሳቸውን እያራገፉ ያልፋሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ ዓይናችንን በእጅ ሳይሆን በክንድ ማሸት የተማርነው ከሀ ሁ በፊት ነው። ለዘር የሚሆነውን አያቴ ለማንም አያምኑም፤ ሰሌን ላይ ተቀምጠው አንድ ባንድ እያገላበጡ ራሳቸው ይመርጡታል፤ እስከ ጥምቀት ድረስ ጣታቸው ቀይ ነው።

አያቴ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን ሁልጊዜ በቃል ምክንያት ነው። አህያ ብትጠፋባቸው ይስቃሉ፤ የተናገረውን ያጠፈ ሰው ካዩ ግን ያን ቀን ራት የለም። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» የምትለዋን ተረት ከእሳቸው አፍ ስንት ጊዜ እንደ ሰማኋት እግዜር ይወቀው። ፎቶ አንሺ ቡሬ ገበያ መጥቶ አገሩ ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ሲሰለፍ እሳቸው «መልኬን ወረቀት ላይ ትቼ እኔ ወዴት ልሄድ ነው?» ብለው አህያቸውን ነዱ።

የብሩ ባለቤት አያ ሞገስ የኛው አጥቢያ ልጅ ነው። በወጣትነቱ አሰብ ወርዶ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆኖ ተቀጠረና አገሩ ሁሉ ሞተ ብሎ ከረሳው በኋላ አንድ ሳጥንና አንድ ቆብ ይዞ ተመለሰ። ቡሬ ላይ ሻይ ቤት ከፈተ። ሻዩ ቀጭን ነው፤ ወሬው ግን አቤት! ማለቂያ የሌለው ውኃ፣ በደሴት ላይ ደሴት የሆነ አገር፣ ከባሕር ወጥቶ በአየር የሚበር ዓሣ። ሰዉ ሻዩን ይጠጣል፣ ወሬውን ይሰማል፣ ከበር ሲወጣ ይሥቅበታል። «መርከቤ» የሚል ስም አወጡለት። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔስ ናፍቆኝ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሻይ ቤቱ በር የማልፈው መንገዱ ቀርቦኝ አይደለም።

ለካ በዚያ በር የምታልፈው እኔ ብቻ አልነበርኩም። አክስቴ እቴቴ ጥሩነሽ፣ ገበያ በወጣች ቁጥር የሆነ ነገር ረስታ የምትመለሰው፣ ልቧ እዚያ ነበር። አያ ሞገስ ሽማግሌ ላከ። አያቴ መለሷቸው። ደግሞ ላከ፤ ደግሞ መለሷቸው። «ድኽነቱን አልጠላሁበትም፤ ነገር ግን ዓሣ ሲበር አየሁ ለሚል ሰው ልጅ አልሰጥም። ዛሬ ዓሣ ያበረረ ነገ በልጄ ላይ ምን ያወራል?» አሉ። ደምበጫ ደግሞ ባለ ብዙ ጥማድ ባለጠጋ እጇን እየጠየቀ ነበርና፣ ሽማግሌዎቹ አንዴ ደግመው ምስክር ሳይዙ ከመጡ ለእሱ እንደሚሰጧት አያቴ ቃላቸውን ሰጡ። የአያቴን ቃል ደግሞ ነገርኩህ። እቴቴ ጥሩነሽ እህል መቅመስ ተወች፤ ሌሊቱን ከጎኔ ተኝታ ስትገላበጥ እኔም አልተኛም።

ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ የመጡት አያቴ በርበሬያቸው መሐል ተቀምጠው ሳሉ ነው። እንደ ወጉ አያ ሞገስ አብሮ አልመጣም፤ ከቆቡ ገበር ውስጥ አራት ቦታ አጥፎ ያኖረውን ይህን ብር ግን ልኮ ነበር። ሙዝ ገዝቶ መልስ የሰጡት ነው፤ ሌላ ምስክር የለውም። ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከተሰበሰበው ጎረቤት አንዱ «ንጉሥ የሌለበት ምን ገንዘብ ነው?» አለ፤ ሌላው የከረሜላ መጠቅለያ ነው ብሎ ማለ። «እስቲ አንቺ ተማሪዋ» ተብዬ ተጠራሁ። አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ «ኢንዶኔዥያ» ብዬ አነበብኩ። «የት ነው እሱ?» አሉኝ አያቴ። እኛ ክፍል የተሰቀለው ካርታ አፍሪካ ላይ ያበቃል፤ እንደዚያው ተናገርኩ። ሰዉ ሣቀ። እቴቴ ጥሩነሽ በጓዳው በር ጥግ ቆማ አየችኝና ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አያቴ ግን አልሣቁም። ብሩን ተቀብለው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ደግሞ አራቁት፤ ከዚያ ያን በርበሬ የነከረው አውራ ጣታቸውን ባለ ደረጃው ዳገት ላይ አሳርፈው «ይህ ምንድነው?» አሉ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የደብሩ መሪጌታ፣ «ሞገስ በዓይኔ አየሁት ያለው የሩዝ እርሻ ነው፤ ዳገቱን እንዲህ በእርከን ይቆርጡታል፤ ውኃው ካንዱ እርከን ወዳንዱ ቀስ ብሎ ይወርዳል እንጂ አፈሩን አይወስድም አሉ» ብለው መለሱ። አያቴ ከወንዙ በላይ ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ማሳ ነበራቸው፤ በየክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ሲወስድባቸው እንደ ሰው ሞት የሚያዝኑበት። ጣታቸውን ሳያነሡ ብዙ ቆዩ።

«ውሸታም ሰነፍ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይህን የሚያህል ድካም ለውሸት ብሎ የሚፈጥር ሰው የለም። ይህ አገር አለ። ሰውየውም አይቶታል።» ቀጥለውም «እንግዲህ ዓሣውም ይብረር፤ እኔ ምን አገባኝ!» ሲሉ ግቢው በሣቅና በእልልታ ተናወጠ። እሳቸው ግን ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። የምናያቸው መሆኑን ሲያውቁ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «በርበሬው ነው» አሉ።

ጥሎሽ አልጠየቁም፤ መጥቶ ያን እርከን ማሳዬ ላይ ይሥራልኝ አሉ እንጂ። አያ ሞገስ እርከን በዓይኑ አይቶ ይሆናል፣ በእጁ ግን ድንጋይ ደርድሮ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ካብ በበልግ ዝናብ ተናደ። አያቴ እየሰደቡት አብረውት ካቡት፤ ካቡ ሲያልቅ ስድቡ ወደ «ልጄ» ተለውጦ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ተዳሩ። እቴቴ ጥሩነሽ ብሩን በመርፌ ግድግዳ ላይ ሰካችው፤ ሲጣሉ ታወርደዋለች፣ ሲታረቁ ትሰቅለዋለች፤ ቀዳዳው የሰፋው ለዚያ ነው። በኋላ «ያነበብሽው አንቺ ነሽ» ብላ ከነቆርቆሮው ለእኔ ሰጠችኝ። ያን ቀን ያፈርኩበትን ንባብ ዕድሜ ልኳን ውለታ ቆጥራልኛለች፤ አፈሩ ይቅለላት።

አሁን ሁሉም የሉም። ሻይ ቤቱ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሆኗል፤ በርበሬ የሚሰጣበት ግቢ ተከፋፍሎ ቆርቆሮ ቤት ሞልቶታል፤ ማሳውን ባሕር ዛፍ በልቶታል። አምና ሄጄ ነበር። ዛፎቹ መሐል ገብቼ በእግሬ ስፈልግ ካቡ አለ፤ አፈሩንም እንደ ያዘ ነው። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ፣ በዚያ ቤት ስላሳደገኝ፣ ዓሣው እንዲበር የፈቀዱትን ሰውዬ አያት አድርጎ ስለ ሰጠኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ።

ይህን ሁሉ ስነግረው የሳሙኤል ውኃ ቀዝቅዞ ነበር። «የአባባ ይግዛው ፎቶ አለ እንዴ?» አለኝ። «የለም» አልኩት፤ «አገር ሲሰለፍ እሳቸው አህያቸውን ነዱ አላልኩህም? ከሰውነታቸው የቀረን ይቺ ልታጥባት የነበረችው እድፍ ናት።»

ብሩን አነሣው። ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ አውራ ጣቱን ቀስ አድርጎ ቀዩ እድፍ ላይ አሳረፈ፤ ዙሪያውን ቀዩ ተረፈ፤ የቅድመ አያቱ ጣት ከሱ ይሰፋ ነበር። ጣቱን ሳያነሣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰና ዓይኑን በክንዱ አሸ።

«በርበሬው ነው እትዬ» አለኝ።

ሳህኑን አንሥቼ ውኃውን ደጅ ደፋሁት።