የዲኤክሷ ማሞቂያ

ሐምሌ ገብቶ የመኪና መስታወት ጉም መልበስ ሲጀምር ከተማው ሁሉ ማሞቂያ የሚባል ነገር እንዳለው ትዝ ይለዋል። ዓመቱን ሙሉ ማንም የማይጠይቀኝ ዕቃ በአንድ ሳምንት ከመደርደሪያዬ ያልቃል። ኢምፔሪያል አካባቢ ያገለገለ መለዋወጫ ስሸጥ ጸጉሬ ነጭ ሆኗል፤ የክረምቱን መግባት የምሰማው ከራዲዮ ሳይሆን ከደንበኛ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ከሰሚት የመጣ አንድ ወጣት ፌስታል ይዞ ገባ። ከፌስታሉ ውስጥ የማሞቂያ ሞተር አወጣ፤ ከዳሽቦርዱ ሥር ተቀምጣ ሙቁን አየር ወደ ሰው የምትገፋዋን፣ ከሁለት ጭብጥ የማትበልጠውን ዕቃ።

«ጋሼ፣ እንደዚህ ዓይነት አለዎት? ራሴ ነኝ የምገጥመው። ስልክ ላይ አይቼዋለሁ፣ ሦስት ብሎን ነው።»

«አዎ፣ ሦስት ብሎን ነው» አልኩት። «የሚያስቸግረው ብሎኑ አይደለም።»

አልገባውም። የተቃጠለውን ሞተር ተቀበልኩና እንደ ልማዴ ገልብጬ ጀርባውን በአውራ ጣቴ ጠረግ አደረግኩት። አቧራ ብቻ። ይህ ልማድ ከሃያ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ አብሮኝ አለ።

ያኔ ቤታችን ገርጂ ነበር። የዛሬዋ ፎቅ በፎቅ የሆነችው ገርጂ ሳትሆን፣ ክረምት ሲመጣ ጫማችንን በእጃችን ይዘን አስፋልት ፍለጋ የምንወጣባት ገርጂ። አባቴ ዕድሜውን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌርነት የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ አንዲት ነጭ ዲኤክስ ገዛ። መኪናዋ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ታንሳለች፤ ቤታችን ውስጥ የነበራት ክብር ግን የታላቅ እህት ነው።

የመሥሪያ ቤት ሹፌር የነበረ ሰው አንድ በሽታ አለበት፤ ጋራዥ አያምንም። ጤነኛ ዕቃ ተፈትቶ በምትኩ የሞተ ሲገባ ዓይኑ ብዙ አይቷል። ስለዚህ መኪናዋን በገዛ ሰሞን የእናቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ተዋሰና፣ ሊፈታ በሚችል ዕቃ ሁሉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ነጥብ አደረገ። ባትሪው፣ ዲናሞው፣ ካርቡራተሩ፣ ራዲዮው፣ ሌላው ቀርቶ የማሞቂያው ሞተር። ዛሬም እንዲህ የሚያደርግ አይጠፋም፤ አንዱ በሚስማር ይጭራል፣ ሌላው የስሙን ፊደል ይጽፋል። እናቴ «የእኔ ጥፍር ሳይቀባ ባትሪው ተኳኳለ» እያለች ሳምንት ሙሉ ሳቀችበት።

እኔ ያኔ ንግድ ጀምሬያለሁ። ሱቅ የለኝም፤ ከተጋጩ መኪኖች ዕቃ እየፈታሁ ከሚፈልገው ሰው ጋር አገናኛለሁ። ምላሴ ከእጄ የፈጠነ ነበር፤ «የለም» ማለት አላውቅበትም። ጥር ላይ ደብረ ብርሃን የሚመላለስ አንድ ሰው የዲኤክስ ማሞቂያ ሞተር ጠየቀኝ። «አለ፤ ዛሬ ከሰዓት ና» አልኩት። በእጄ የነበረው ግን አንድ የሞተ ሞተር ብቻ ነው። ግማሽ ቀን ዞሬ አጣሁ። ቤት ስገባ አባቴ ለቅሶ ሄዷል፤ ዲኤክሷ ግቢ ውስጥ ፀሐይ እየሞቀች ቆማለች።

በጥር ፀሐይ አዲስ አበባ ላይ ማሞቂያ የሚያበራ ካለ ጤናው ያጠራጥራል። እንደዚያ እያልኩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጤነኛውን አወጣሁና የሞተውን በቦታው አስገባሁ። ቀይዋን ነጥብ አይቻታለሁ። የጥፍር ቀለሙም የእናቴ መስታወት ሥር ተቀምጧል፤ በሞተው ላይ አንድ ጠብታ ማድረግ ምንም አልነበረም። ግን ደንበኛው ይጠብቀኛል። ደግሞስ ማን ያየዋል?

በሽያጩ ገንዘብ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ገዛሁ። ቦሌ መንገድ ላይ ለብሼው ስንጎራደድ ከእኔ ወዲያ አራዳ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በሰኔ አባቴ ታመመ። ሳንባው ነው አሉን። በሳምንት ሁለት ጠዋት ሆስፒታል መመላለስ ነበረበት፤ መንዳት ስለከለከሉት ሹፌሩ እኔ ሆንኩ። ዕድሜውን ሙሉ መሪ ይዞ የኖረ ሰው ጋቢና ተቀምጦ፣ ፍሬን በሌለበት ወለሉን በእግሩ ሲረግጥ ማየት ከባድ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ዝናቡ ያወርደዋል። አባቴ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ የማሞቂያውን ማብሪያ አዞረ። ድምፅ የለም። መለሰና ደግሞ አዞረ።

«ፊውዝ ይሆናል» አለ።

«ፊውዝ ይሆናል» አልኩ እኔም።

ቤት ስንመለስ ፊውዙን ቀየርኩት። ምን እንደሚሆን እያወቅሁ ቀየርኩት። «እንግዲያው ሞተሩ ነው» አለ አባቴ። «ይገርማል፤ ጤነኛ ነበር እኮ።»

በሚቀጥለው ጉዞ ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ጃኬቴን አውልቄ አለበስኩለት። ቆዳውን በመዳፉ ዳሰስ አደረገው።

«ደህና ጃኬት ነው። ይሞቃል። ከየት ገዛኸው?»

«ከጓደኛ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሞተር ፍለጋ ያልረገጥኩት ጭቃ የለም። የሄድኩበት ነጋዴ ሁሉ «አለ፣ ነገ ና» ይለኛል፤ ነገ ስሄድ የለም። ስንት ሰው እንደዚያ ማመላለሴን ያኔ ነው ያሰብኩት። የደብረ ብርሃኑንም ሰውዬ አፈላለግኩት፤ የት አባቱ ይገኛል! እንዲህ እያልን ሐምሌ አለቀ። እኔ በአንድ እጄ እየነዳሁ በሌላው መስታወቱን በጨርቅ እጠርጋለሁ፤ አባቴ ያስላል። ስንመለስ መንገድ ዳር በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴትዮ ጋ ያስቆመኛል። ጥርሱ አይችልም፤ አይበላውም። ቤት እስክንደርስ ድረስ በሁለት እጁ ይዞ ይሞቅበታል። የተጠበሰ በቆሎ ሽታ ዛሬም ምግብ መስሎ አይታየኝም።

በነሐሴ አጋማሽ ሲኤምሲ አካባቢ ከተጋጨ መኪና ላይ አንድ ሞተር ተገኘ።

«መካኒክ ልጥራ?» አልኩት አባቴን።

«ጋራዥ አትገባም፤ መካኒክም አይነካትም። እዚሁ እኛው እንገጥመዋለን» አለ።

እሁድ ጠዋት፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ከጋቢናው በር አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠና ባትሪ መብራት ያዘልኝ። ጃኬቴን በሩ ላይ ሰቅዬ ዳሽቦርዱ ሥር በጀርባዬ ገባሁ።

«የባትሪውን ገመድ ፈታህ?»

«ፈትቻለሁ።»

«የዳሽቦርዱን መሳቢያ ቀስ ብለህ አውጣት፤ አትታገላት። አሁን ሶኬቱን ንቀል። ሽቦውን ሳይሆን ሶኬቱን፣ አንተ ችኩል!»

ካቻቢቴውን ይዤ ሦስቱን ብሎኖች ፈታሁ። ሞተሩ እጄ ላይ ወረደ። ቶሎ ብዬ ማዳበሪያ ከረጢቱ ውስጥ ልጨምረው ስል፣

«እስቲ አምጣው» አለ።

«ምን ያደርግልሃል አባዬ? የተቃጠለ ነው።»

«አምጣው፣ ታዴ።»

ሰጠሁት። ገለበጠው። መብራቱን አስጠጋና በጋቢው ጫፍ ጀርባውን ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። ከጎረቤት የእሁድ መዝሙር ይሰማል። አባቴ ሞተሩን እንደያዘ ቀና አለ፤ ፊቴን አላየም። በሩ ላይ የተሰቀለውን ጃኬት ነው ያየው። ረጅም ጊዜ አየው።

«አቧራ ነው የበላው» አለና መለሰልኝ።

«አባዬ…» አልኩ።

«አዲሱን ከማስገባትህ በፊት ያን የጥፍር ቀለም ከእናትህ ተቀበልልኝ።»

አመጣሁለት። ቀለሙ ደርቆ ስለነበር ሲንጠው ቆየ። በአዲሱ ሞተር ጀርባ ላይ ነጥብ ሊያደርግ ሲል እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ነጥቧ ወደ ታች ፈሰሰችና ጭረት ሆነች። እፍ እፍ ብሎ አደረቃት።

«በል ግጠመው። ሶኬቱን አጥብቀህ ግፋው።»

ማሞቂያው ሲነሳ መጀመሪያ የተቃጠለ አቧራ ሸተተን። ቆይቶ ሙቀቱ መጣ። አባቴ ጋቢና ገብቶ ሁለት መዳፉን አየሩ የሚወጣበት ላይ ዘረጋ፤ ዓይኑንም ጨፈነ። «እሰይ» አለ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ነበር። እኔ ግን መሣሪያ መሰብሰብ ጀመርኩ።

ማሞቂያው በርቶልን ሆስፒታል የተመላለስነው አራት ጊዜ ነው። እንቁጣጣሽን አላየም። እናቴ መኪናዋን ማየት ስላቃታት በዓመቱ ተሸጠች፤ ጭረት ያለበት ሞተርም አብሯት ሄደ።

ጃኬቱን ከዚያ በኋላ አልለበስኩትም፤ አልሸጥኩትምም። ለእኔ ትልቅ ነገር ነው፤ ከእሱ ሌላ የማልሸጠው ዕቃ የለኝም። ይቅር ብሎኝ ነው ዝም ያለው የምልበት ቀን አለ። ደክሞት ነው የምልበትም ቀን አለ። ሳልጠይቀው ስለሄደ የትኛው እንደሆነ የሚነግረኝ የለም። ያው የዲኤክስ ሞተር ባየሁ ቁጥር እገለብጣለሁ። ክብ ነጥብ ካለበት የሸጥኩት ነው፤ የፈሰሰች ጭረት ካለችበት የገጠምነው ነው። እስከ ዛሬ አንዱም አልመጣም።

ለሰሚቱ ልጅ ጤነኛ ሞተር መርጬ ሰጠሁት። የባትሪውን ገመድ አስቀድሞ እንዲፈታ፣ ከመግጠሙም በፊት ጀርባው ላይ ምልክት እንዲያደርግበት ነገርኩት። ሳቀ።

«ጋሼ፣ መኪናዋ እኮ የምታድረው ግቢ ውስጥ ነው። ጥበቃም አለን። ማን ይነካዋል?»

«የእኛም ግቢ ውስጥ ነበረች» አልኩት።