አልጋ ሦስት እንዴት አደረ?

ከአይሻ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከባቡር ሐዲዱ ባሻገር፣ ጥቁር ድንጋይ የለበሰ ጉብታ አለ። ድንኳኖቻችንን የተከልነው ከሥሩ ነበር። ጉብታው በስተ ምሥራቃችን ይሁን በስተ ሰሜናችን ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ ማለዳ ላይ ጥላው ያርፍብን እንደነበር ግን አስታውሳለሁ፤ ስለዚህ ምሥራቅ ሳይሆን አይቀርም። ዕድሜ የገዛ ትዝታዬን እንድጠራጠር አስተምሮኛል። ከዚህ በታች የምጽፈው ከጥርጣሬው የተረፈውን ነው።

ጡረታ የወጣሁ የጦር ሠራዊት የሕክምና መኮንን ነኝ። ኮሮና ጋብ ባለ ማግስት፣ ሙቀቱ በበረታበት ወራት፣ አተት የሚሉት አጣዳፊ ተቅማጥ ወደ ድንበር ከተሞቹ ገባ። ከጅግጅጋ ስልክ ተደወለልኝ። «ኮሎኔል፣ ግዳጅ አለ» አሉኝ። በማግስቱ ንጋት ላይ ተንቀሳቀስን። እኛ ማለት ጥቂት የቀድሞ ባልደረቦቼ፣ ከጅግጅጋ የተውጣጡ ነርሶችና የነርሶቹ መሪ ሲስተር ሂቦ ነን። በወረቀት አዛዡ እኔ ነበርኩ።

ሲስተር ሂቦ በጅግጅጋ ለረጅም ዘመን የሆስፒታል ሜትሮን፣ ማለትም የነርሶች ኃላፊ፣ ነበሩ። ከደወሌ እስከ ጉናጋዶ በየጤና ጣቢያው ከሚሠሩት ነርሶች አብዛኞቹን ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቻቸው «ኤዶ» ይሏቸዋል፤ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ከእሳቸው ጋር አንድ የማይጣስ ሕግ ነበር። ተራ ሲቀየር ወጪው ነርስ ገቢውን ይዞ ከአልጋ አልጋ ይዞራል። የታማሚውን ስም፣ እንዴት እንዳደረና ምን እንደሚያስፈልገው ጮክ ብሎ ይናገራል። ገቢው ቃል በቃል ይደግማል። በመጨረሻም «ተረክቤያለሁ» ይላል። ይህ ሳይባል ከድንኳኑ የሚወጣ የለም።

አንድ ቀትር ላይ ቸኩዬ ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«ኮሎኔል፣ አልደገሙም።»

«ስልክ እየጠበቀኝ ነው፣ ሲስተር።»

«ስልኩ ተቅማጥ የለበትም። ይቆይ።»

ነርስ ተስፋዬ ከአልጋው ማዶ ሳቀ። አያቱ በወታደርነት መጥተው ጅግጅጋ የቀሩ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው ነበር። «ጋሼ፣ በሠራዊቱ ትእዛዝ ሲቀበሉ አይደገምም እንዴ? ወይስ ኮሎኔል ሲኮን ይቀራል?»

ደገምኩ።

ከዚያ በሽታው ገፋ። አልጋው ሞላ። መሬት ላይ አነጠፍን። ሪንገር የምንለው የደም ሥር ፈሳሽ እያለቀ ስለሄደ የምንሰጠው በጣም ለደከሙት ብቻ ሆነ። ለቀሩት የጨውና የስኳሩን ዱቄት በንጹሕ ውሃ በጥብጠን በኩባያ እናጠጣ ነበር። መድኃኒቱ ውሃ ነበር ማለት ይቻላል። ውሃችን ደግሞ የሚመጣው በቦቴ ነው። ቦቴውን የሚያሰማራው ጅግጅጋ የተቀመጠው የወረርሽኝ መከላከያ ግብረ ኃይል አስተባባሪ ነበር። ስሙን አልጽፍም። አንቱታውንም ሆን ብዬ ነፍጌዋለሁ።

ቦቴው ቀረ። ደወልን። «መንገድ ላይ ነው» አለ። በማግስቱም ደወልን። «መንገድ ላይ ነው» አለ። የአይሻ ሰው ከራሱ ጉሮሮ ቀንሶ በጄሪካን አመጣልን፤ አልበቃም። የእጅ መታጠቢያው ደረቀ። ተስፋዬ ለራሱ የተሰጠውን የመጠጥ ውሃ ለታማሚ ሲያጠጣ አየሁት፤ ተቆጣሁት፤ አልሰማኝም። ከዚያ እሱም ወደቀ። አልጋ ሦስት ላይ አስተኛነው።

«ጋሼ፣ ለኤዶ ይንገሩልኝ» አለኝ። «ተራዬን ሳላስረክብ የቀረሁት ወድጄ አይደለም።»

ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ሞተ።

ቦቴው በመጨረሻ ሲደርስ አምስት ሰው ቀብረን ነበር። ሾፌሩ ከጋቢናው ወርዶ ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። «ወላሂ ኮሎኔል፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው» አለ። «የእናንተን ውሃ ሲሚንቶ ጠጣው።» አስተባባሪው ጅግጅጋ ላይ የራሱን ፎቅ ያሠራ ነበር። ያ ሳምንት ኮንክሪቱ የሚሞላበት ሳምንት ነበር።

አቤት አልን። ሲስተር ሂቦም እኔም። መልስ አልመጣም። እንዲያውም ሰውዬው ከፍ ወዳለ ወንበር ተሾመ። እኔም ቂሜን እንደ ጦር መሣሪያ እየወለወልኩ አስቀመጥኩት።

ሲስተር ሂቦ ጡረታ ሲወጡ ጅግጅጋ ላይ የክብር ሥነ ሥርዓት ተዘጋጀላቸው። ሽልማቱን የሚሰጠው እሱ መሆኑን ስሰማ የምናገረውን አሰናድቼ ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ ሲስተር ሂቦ ፊቴን አይተው ነገሩ ገባቸው።

«ኮሎኔል፣ ዛሬ ተረኛዋ እኔ ነኝ። እርስዎ ተጠባባቂ ነዎት።»

«ሲስተር፣ ይህን ሰውዬ እኮ...»

«ተጠባባቂ አልኩ።»

ትእዛዝ ነው። ተቀመጥኩ።

ሰውዬው መድረኩ ላይ ወጥቶ የሥራ ዘመናቸውን አነበበ። የአዋላጆች ማሠልጠኛ መመሥረታቸውን፣ ክትባት በግመል ጭነው መንደር ለመንደር መዞራቸውን፣ ያስተማሯቸው ነርሶች ዛሬ ጤና ጣቢያ እንደሚመሩ ተናገረ። ሁሉም እውነት ነበር። አይሻ ላይ ሲደርስ ግን «በእኛ የቅርብ ድጋፍ ወረርሽኙን ድል ነሥተዋል» አለ። አጨበጨበና ዋንጫውን ዘረጋላቸው።

እጃቸውን አልዘረጉም።

«ክቡርነትዎ፣ በእኛ ሙያ ሳያስረክቡ ከተራ አይወጣም» አሉ። «እኔ ዛሬ ከተራ እወጣለሁ። እርስዎ ይረከቡኛል።»

ቀልድ መሰለው። «እሺ ኤዶ፣ እንረከባለን!» አለ። አዳራሹም አብሮት ሳቀ።

«አልጋ አንድ። አሻ፣ የልጆች እናት። አይሻ ላይ ውሃ ስትጠብቅ ሞተች። ይድገሙልኝ።»

ሳቁ ቆመ።

«እንዴ፣ ይህ እኮ አሁን ቦታው...»

«ይድገሙልኝ።»

ከኋላ አንዲት ነርስ ብድግ አለች። ከዚያ አጠገቧ ያለው። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ቆመ። ማንም አልጮኸም። በሩ አጠገብ ያሉትም ከበሩ ፈቀቅ አላሉም። ሕጉን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሳይደግም የሚወጣ የለም። ደገመ።

«አልጋ ሁለት። ሮብሌ፣ የግመል ነጋዴ። ውሃ ሲጠብቅ ሞተ።»

ደገመ።

«አልጋ ሦስት። ተስፋዬ፣ ነርስ፣ ተማሪዬ። የራሱን ውሃ ለታማሚ ሰጥቶ ሞተ።»

ይህንን በለሆሳስ ደገመ። «አልሰማሁም» አሉ ሲስተር ሂቦ። እንደገና አለው። ደስ አለኝ፤ አልሸሽገውም። አልጋ አራት የሐዲድ ጠባቂው ጌታሁን ነበር። አልጋ አምስት ሕፃኗ አያን ነበረች። እኔ ለዓመታት ያቺን ሕፃን ወንድ አድርጌ ነበር የማስታውሳት። እኔ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ በዚያች ስሕተት ብቻ አፌን ያስይዘኝ ነበር።

«አሁን ተረክቤያለሁ ይበሉ።»

«ተረክቤያለሁ» አለ። ማይክሮፎኑ ባይኖር አንሰማውም ነበር።

ዋንጫውን እጁ ላይ ትተውለት ወረዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ጎንበስ ብለው «ከእንግዲህ ተረኛው እሱ ነው» አሉኝ።

ሹመቱን አልተነጠቀም። ፍርድ ቤትም አልቆመም። ነገር ግን ለጉብኝት ደወሌ ሲሄድ የጤና ጣቢያዋ ነርስ በአክብሮት ተነሥታ «ጌታዬ፣ አልጋ ሦስት እንዴት አደረ?» ትለዋለች። ጉናጋዶ ሲሄድም እንዲሁ። ጅግጅጋ ላይ እናቱን ሊያሳክም በገባበት ቀን እናቱን በሚገባ አከሙለት፤ ሲወጣ ግን ያንኑ ጠየቁት። ተማሪ ማፍራት የሲስተር ሂቦ ትልቁ የሥራ ውጤት ነው ሲባል እሰማለሁ። እስማማለሁ፤ ምክንያቴ ግን ከሰው ይለያል።

«ይቅር ማለት ይሻላል» የሚሉኝ አሉ። ሊሆን ይችላል። ይቅር ማለት የሚችሉት ግን ከጉብታው ሥር የተኙት ናቸው፦ አሻ፣ ሮብሌ፣ ተስፋዬ፣ ጌታሁን፣ አያን። አምስት ናቸው። ይህን ቁጥር አልጠራጠረውም።

ባለፈው ሳምንት ጅግጅጋ መንገድ ላይ አገኘሁት። አርጅቷል፤ ወይም መስሎኝ ይሆናል። ኮፍያዬን አነሣሁለት፤ ጤንነቱን ጠየቅሁት። ከዚያም ተረኛን እንደሚጠይቅ ሰው፣ አልጋ ሦስት እንዴት እንዳደረ ጠየቅሁት።