በተቃጠለ ሰው ፊት ለቅሶ የማይፈቅዱት አክስቴ

አክስቴ ጡረታ የወጡ ነርስ ነበሩ። ቁይ ከተማ ውስጥ ሰው ተቃጠለ ከተባለ ነጠላቸውን እንኳ ሳይደርቡ ይሮጣሉ። እንደደረሱ መጀመሪያ የሚያስወጡት አልቃሹን ነው። «እንባችሁን ለቀብር አቆዩት፤ አሁን ውኃ አምጡ! እሳቱ ቢጠፋም ቆዳው ውስጥ ገና እየነደደ ነው» ይሉና ቀዝቃዛ ውኃ ሳያቋርጡ ያፈሱበታል። ቅቤ ይዞ የመጣ ሰው ካዩማ ቁጣቸው አይጣል ነው።

ባለፈው ክረምት፣ ጎረቤት ተዝካር ላይ፣ የፈላ የወጥ ድስት አክስቴ እግር ላይ ተገለበጠ። ቤቱ ሰው ሞልቶታል፤ በሩ ላይ በርሜል ሙሉ ውኃ ቆሟል። «ውኃ አፍስሱብኝ!» እያሉ ሲለምኑ፣ እሳቸው ልጆቻቸውን ያከሙላቸው ሴቶች «ውኃ ካገኘውማ ያመረቅዛል» ብለው ቅቤና እንቁላል ለቀለቁባቸው። ከዚያ ከበው አለቀሱ።

እኔ ከምኖርበት ከሉማሜ ስደርስ እግራቸው አብጦ፣ ቆዳው ከቅቤው ጋር ይላጥ ነበር። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወስጄ አስተኛኋቸው። ቁስሉ ግን አመረቀዘ፤ ከዚያ አልጋ አልተነሱም።

የቀብራቸው ዕለት እነዚያው ሴቶች «ሐኪማችን! እናታችን!» እያሉ ደረታቸውን ሲደቁ ቆሜ አየሁ።

አክስቴ፣ እንባው እንዳዘዙት ለቀብርዎ ደርሷል። ውኃው ግን እዚያው በርሜሉ ውስጥ ቀርቷል።